ሩፋኤልና የሐጂ ከድር ግድግዳ

ሰው እንግዳ ሲመጣበት ቤቱን ያሳምራል እንጂ ሌላ ምን ያደርጋል? እስቲ እናንተው ፍረዱ። እኔ ያጠፋሁት ጥፋት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ጎባ ወጥቼ በዚያ ግድግዳ ፊት ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሮቤ ውስጥ አንድ ባነር ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ "የዶሮ መኖ እዚህ ይገኛል" ብዬ እጽፋለሁ፣ ዶሮዋን ከኢንተርኔት አውርጄ ከጎኑ እለጥፋለሁ፣ ማሽኑ ጥርር እያለ ይተፋዋል። አንድ ታፔላ በሃያ ደቂቃ! አባቴ አንድ ታፔላ ለመጻፍ አራት ቀን ይፈጅበት ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ሳምንት።

አባቴ ታደሰ ይባላል። ሮቤና ጎባ ላይ "ታደሰ ሰዓሊው" ካላችሁ የማያውቀው አልነበረም። የሥጋ ቤቱን በሬ፣ የፀጉር ቤቱን ባለ አፍሮ ጎረምሳ፣ የሻይ ቤቱን ብርጭቆ ከነእንፋሎቱ የሳለው እሱ ነው። በወጣትነቱ አናጢ ቤት ሲሠራ መጋዝ የቀኝ እጁን ሌባ ጣት ከግማሹ ወስዶበት ስለነበር፣ ብሩሽ የሚይዘው በአውራ ጣቱና በመሃል ጣቱ ነው። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ መሰላሉ ሥር አቁሞ፣ እጁን በእጄ ላይ አድርጎ ፊደል መጻፍ አስተማረኝ። "ቀስ... ቀስ... አሁን አንሺው" ይለኛል። ቲነር ቲነር የሚለው እጁ እስከ ዛሬ ይሸተኛል።

እሱ ከሞተ በኋላ ታፔላዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ማን አጠፋቸው ብትሉኝ መልሱ ያሳፍረኛል፤ እኔ ነኝ። ደንበኛ ይመጣል፣ ባነር ያዛል፣ እኔ አትማለሁ፣ ባነሩ በአባቴ በሬ ላይ ይቸነከራል። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ሥራ ነው። በአራተኛው ዓመት የቀረው አንድ ብቻ ነበር፣ ጎባ ላይ፣ በሐጂ ከድር ልብስ ስፌት ቤት ግንባር ላይ።

ሐጂ ከድር የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። የአባቴን የሠርግ ኮት ሰፍተዋል፤ በቀብሩ ዕለት ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው ጠብቀዋል። "ሐጂ፣ ባነር ላትምልዎት፤ በነፃ" ስላቸው "ላስቲክ በቤቴ ላይ አይሰቀልም፤ ታደሰ የጻፈው ይበቃኛል" ብለው አፌን አስያዙኝ። እናም "ከድር ልብስ ስፌት" የሚለው ጽሑፍ፣ ቀዩ ገርጥቶ፣ ጥላው ጥቁሩ ተሰነጣጥቆ፣ እዚያው ነበር።

አንድ የጥቅምት ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"ቲጂ ልጄ፣ ቶሎ ነይልኝ" አሉ ሐጂ።

"ምነው ሐጂ፣ ሰላም አይደሉም እንዴ?"

"አንድ ፈረንጅ ከሱቄ ፊት ለፊት ሦስት ጉድጓድ ቆፍሯል።"

"ምን?"

"ሦስት። ትናንሽ። አንቺ እንግሊዝኛ ትችያለሽ፣ ነይና ምን እንደሚፈልግ ጠይቂልኝ። ወርቅ ከሆነ እኔም ልቆፍር።"

ሚኒባስ ይዤ ጎባ ስደርስ ሰውየው ከመንገዱ ማዶ ቆሟል። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሹራብ የለበሰ ሽማግሌ ነው። ጉድጓዶቹ ለሸራ ማቆሚያው ሦስት እግሮች ናቸው፤ በየቀኑ አንዲት ጣት እንኳ ሳይዛነፍ አንድ ቦታ እንዲቆም የቆፈራቸው። ስሙን ሲነግረን ሐጂ ወዲያው "ሩፋኤል" ብለው አወጡለት፤ ከተማው ሁሉም በዚያው ጠራው። ከስፔን ነው የመጣው። ሰነቴ ተራራን ሊጎበኝ ለሦስት ቀን መጥቶ፣ ሚኒባሱ ጎባ ላይ ተሳፋሪ ሲያወርድ በመስኮት የሐጂን ግድግዳ አየና ወረደ። በቃ፣ እዚያው ፔንሲዮን ተከራይቶ ቀረ።

"የሚያምር ተራራ እያለ ምን አይቶ ነው?" አሉ ሐጂ። ብጠይቀው "ፀሐይዋ ሁለት ሰዓት ላይ በዚህ ግድግዳ ላይ የምትሠራውን አይቼ" አለኝ። ለሐጂ ስተረጉምላቸው ግድግዳቸውን ዞረው አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ "አላህ ይሁነው" ብለው ወደ ስፌታቸው ገቡ።

(በእንግሊዝኛ አንተና እርስዎ የለም። ስልሳ ሰባት ዓመት የሞላውን ሰው "አንተ" እያልኩ ስጽፍ ካያችሁኝ ባለጌ አትበሉኝ፤ ያወራነው እንደዚያ ነው።)

አሠራሩ ጉድ ነበር። ከሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ተኩል ብቻ ይሠራል። ፀሐይዋ ከበሩ ጉበን ካለፈች ብሩሹን ያጥባል፣ "ነገ" ይላል፣ ይሄዳል። ደመና ከሆነ ቆሞ ይጠብቅና ሳይነካው ይመለሳል። ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረበት ክር ያንጠለጥላል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይለካል፣ አንዲት ነጥብ ያስቀምጣል፣ ወደ ኋላ ሄዶ ያያታል፣ ተመልሶ ያጠፋታል። አንድ ጠዋት ሙሉውን ጊዜ የበሩን ማጠፊያ ሲስል፣ ሲያጠፋ፣ ሲስል ዋለ። እኔ በዚያ ጊዜ ውስጥ አምስት ባነር አትማለሁ!

እሑድ እሑድና ከሥራ ፈቃድ ባገኘሁ ቁጥር እየወጣሁ አጠገቡ እቀመጥ ጀመር። እየሠራ አያወራም፤ ብሩሹን ሲያጥብ ግን አንደበቱ ይፈታል። የተወለደው ስንዴ በሚበቅልበት ሜዳ ነው፤ "የሮቤን ስንዴ ሳየው አገሬ የገባሁ መሰለኝ" ይል ነበር። አባቱ ጫማ ሰፊ ነው። መጀመሪያ የሳለው የአባቱን የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ወስፌውን፣ ጉጠቱን፣ የሰም ቁራጩን። ሁለት ዓመት ፈጀበት። ከዚያ ወዲህ ዕድሜውን በሙሉ የሳለው በር፣ የእቃ ማጠቢያ፣ የተላጠ ግድግዳ፣ የወጥ ቤት መስኮት ነው። ጓደኞቹ ሁሉ ሌላ ዓይነት አሳሳል ተከትለው ሲሄዱና ስም ሲያገኙ እሱ ከማጠቢያው ጋር ቀረ።

"አንድ ማጠቢያ ለመሳል ስንት ጊዜ ወሰደብህ?" አልኩት።

"ሦስት ዓመት።"

"ሚስትህ እቃ የት ታጥብ ነበር ታዲያ?"

ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ያኔ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በአምስተኛው ሳምንት አንድ እሑድ ሸራውን ቀርቤ አየሁት። የበሩ ዝገት አለ። ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ የወረደበት ቡናማ መስመር አለ። የሐጂ ልጅ በሕፃንነቷ በሚስማር የጫረችው ጭረት ሳይቀር አለ። የአባቴ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ግን ነጭ ነው። ባዶ።

"ይሄስ?" አልኩት።

"ገና ነው" አለና ፈገግ አለ።

እኔ ደግሞ ያደግኩት ሰው ፊት ለፊት "አስጠላኝ" በማይባልበት አገር ነው። ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ "ገና ናት" ከተባለ፣ ሽማግሌው ነገሩ ገብቶት ኮቱን አንስቶ ይሄዳል። ፈገግታውን አየሁና ይሉኝታ ይዞት ነው አልኩ። ዝገቱን ወዶት፣ ጭረቱን ወዶት፣ የአባቴን ጽሑፍ ተጸየፈው! ሮቤ እስክደርስ ሚኒባስ ውስጥ ዕንባዬ ግጥም አለ። የአባቴ የመጨረሻ ሥራ ወደ ስፔን ሊሄድ ደርሶ፣ አርጅቶና ቆሽሾ ስለተገኘ ሊቀር ነው። ጥፋቱ ደግሞ የኔው ነው፤ አንድ ቀን ወጥቼ አላደስኩለትም።

ሐሙስ ሐጂ ደወሉ። ሩፋኤል እስከ ሰኞ ሰነቴ ላይ ሊሰነብት ሄዷል።

"ቲጂ፣ ይሄ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ" አሉ። "ይህ ሰውዬ ቤቴን እንዲህ ተላልጦ አገሩ ወስዶ ሊያሳየው ነው? እነዚያ ሰዎች 'ከድር የሚባል ሰው ቀለም መግዣ አጣ' ሊሉኝ? እንግዳ መጥቶብኝ ቤቴን ሳላሳምር!"

"ሐጂ፣ እኔም ያንኑ ሳስብ ነበር።"

"እንግዲያው ነያ! ቀለሙን ገዝቼ ጠበቅሁሽ።"

ከመሥሪያ ቤት ሁለት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። የአባቴን ብሩሾች ከሣጥን አወጣሁ፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ነክቻቸው አላውቅም። አዲስ ዘይት ቀለም በአሮጌ ላይ አይዝም፣ ይላጣል። ስለዚህ መሰላሉ ላይ ወጥቼ ጽሑፉን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ አወረድኩት። ቀዩ ዱቄት በፀጉሬ፣ በሻሼ፣ በአፌ ሁሉ ገባ። ስወርድ አራገፍኩት። አያችሁ? አባቴን ነበር እኮ ከቀሚሴ ላይ ያራገፍኩት። ያኔ ግን እየዘፈንኩ ነው።

ቅዳሜ ፊደሎቹን ጻፍኩ። እጄ ቀስ በቀስ መንገዱን አገኘ። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ገበያ የሚሄደው ሰው እየቆመ "ታደሰ ተነሳ እንዴ?" ይላል። ሐጂ ከሥር ሆነው "በሬዳ! በሬዳ!" ይላሉ፤ ቆንጆ፣ ቆንጆ ማለታቸው ነው። በሩንም ቀቢልኝ ብለው ነበር፣ እግዜር ሲያተርፈን ቀለሙ አለቀ።

ሰኞ ከመሥሪያ ቤት "አሞኛል" ብዬ ቀረሁና ጎባ ወጣሁ። ሐጂ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው በራቸው ላይ ቆመዋል። ሁለታችንም የሙሽራ ሚዜ መስለናል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ሩፋኤል መጣ። የሸራ ማቆሚያውን እግሮች በጉድጓዶቹ ውስጥ አንድ በአንድ አስገባ። ሸራውን አስቀመጠ። ከዚያ ቀና አለ።

ባርኔጣውን አወለቀና በእጁ ያዘው። ሐጂ ፈገግ ብለው እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጽሑፉን አሳዩት።

"የድሮው ጽሑፍ የት ሄደ?" አለኝ በመጨረሻ።

"ፈግፍጌ አወረድኩት" አልኩ በኩራት። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። አሁን ልትስለው ትችላለህ።"

የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዓይኑን ከግድግዳው ላይ አላነሳም። "ለመጨረሻ ያቆየሁት እሱን ነበር" አለ፣ ድምፁ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። "ከሚኒባስ የወረድኩት ለሱ ነው። በሩም፣ ግድግዳውም፣ እሱ ጋ ለመድረስ ነው። እጄ እስኪለምድ፣ እስኪገባኝ ነበር የምጠብቀው።"

ለሐጂ መተርጎም አቃተኝ። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው። ሩፋኤል ሸራውን ጠቅልሎ፣ ማቆሚያውን ተሸክሞ፣ ባርኔጣውን እጁ ላይ እንደያዘ ወደ ፔንሲዮኑ ሄደ። ሦስቱ ጉድጓዶች ባዶ ቀሩ።

"ፎቶ አልነበረም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ወዲያው የጠየቅነው እሱን ነው። ሩፋኤል ሊስለው ያሰበውን ነገር ፎቶ አያነሳም፤ ልማዱ ነው። የሐጂን አልበም አገላበጥን፤ በኢድ ቀን በራቸው ላይ የተነሱት አንድ ፎቶ አለ፣ ጽሑፉን ግን ጥምጣማቸው ሸፍኖታል። በስልኬ ውስጥ የሺህ ባነር ፎቶ አለ። የአባቴ ጽሑፍ አንድም የለም።

በእኛ አገር ሰው ሲበደል ዝም ተብሎ አይታደርም። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ይዘው፣ አንድ ማሰሮ ማር አስይዘውኝ፣ ወደ ፔንሲዮኑ ሄድን። ሩፋኤል ግቢው ውስጥ ብሩሽ ሲያጥብ አገኘነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ባርኔጣና ኮፍያቸውን አስተካክለው ተሰልፈው ቆሙ። "ተቀመጡ" ቢላቸው አይቀመጡም፤ ይቅርታ ሳይገኝ አይቀመጥማ።

"ምን ሆነዋል?" አለኝ ደንግጦ።

"ይቅርታ ሊጠይቁህ መጥተው ነው።"

"ምን አጠፉ?"

ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በይው" አሉኝ፣ "ቤታችንን አሳመርንብህ። ክፋት አስበን አይደለም፤ ከሰው በታች እንዳንሆን ብለን ነው። አጥፍተናል፣ ማረን።"

ተረጎምኩ። ከዚያ የራሴን ጨመርኩበት፣ አልቻልኩማ። "ሐጂ አይደሉም፣ እኔ ነኝ። ቦታውን ነጭ አድርገህ ስትተወው፣ የአባቴን ጽሑፍ አስጠልቶህ መሰለኝ። እንድትስለው ብዬ ነው።"

ብሩሹን አስቀመጠ። እጁን በጨርቅ ጠረገና ሦስቱንም ሽማግሌዎች በየተራ እጃቸውን ይዞ አስቀመጣቸው። ከዚያ ያኔ ሳቁ ለምን እንደጠፋ ነገረን።

ሚስቱን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጣ ይስላት ነበር። መስኮቱን ሳለ፣ ማጠቢያውን ሳለ፣ ወንበሩን ሳለ። ፊቷን ለመጨረሻ አቆየው፤ በደንብ እስኪያየው፣ እጁ እስኪደርስ። እሷ በየጠዋቱ እየመጣች ትቀመጥና "ዛሬ ነኝ?" ትለዋለች። "ገና ነው" ይላታል። እንደዚህ ሦስት ዓመት ሄደ። አንድ ክረምት ታመመች፣ በአርባ ቀን ሞተች። ሥዕሉ ዛሬም ቤቱ ግድግዳ ላይ አለ፤ ወንበሩ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ነጭ ቦታ ብቻ ነው።

"ከጭንቅላትህ ልትስላት አትችልም ነበር?" አልኩት።

"የማላየውን አልስልም" አለ። "ሞክሬ ነበር። እሷን አይመስልም፤ የኔን ናፍቆት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ዛሬ አንቺን አልተቆጣሁም። እንደገና 'ገና ነው' ያልኩት እኔ ነኝ።"

ስተረጉምላቸው ሐጂ "ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉና ሻርፓቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ማሩ መሃል ላይ ተቀምጧል፣ ማንም አልነካውም።

ከዚያ ሩፋኤል ወደ እኔ ዞረ። "ስንት ዓመት አየሽው ያንን ጽሑፍ?"

"ከተጻፈ ጀምሮ። ሃያ ዓመት አያንስም።"

"እንግዲያው ንገሪኝ። የመጀመሪያው ፊደል ወገቡ ሰፊ ነበር ወይስ ጠባብ? ጥላው በየት በኩል ነው የወደቀው? የመጨረሻው ፊደል እግር እንዴት ነው ያለቀው?"

እግዚአብሔርን! ሃያ ዓመት ከሥሩ አልፌያለሁ፣ በመዳፌ ፈግፍጌ አውርጄዋለሁ፣ አባቴ የጻፈው ነው፤ አንዲት ፊደል መንገር አቃተኝ። "ቀይ ነበር" አልኩ። "ቀይ... ገርጥቶ ነበር።" የማውቀው ያንን ብቻ ነው። እዚያው በሽማግሌዎቹ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። የዚያን ቀን ነው የቀበርኩት።

ሩፋኤል ይሄዳል ብለን ነበር። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሐጂ ደወሉ። "ኢንታላ፣ ልጄ፣ ጉድጓዱ ጋ ተመልሷል!" አሉ በሹክሹክታ፣ ሰውዬው የሚሰማቸው ይመስል።

በነጋታው ወጣሁ። "የማየውን እስላለሁ" አለኝ ዓይኑን ሳያነሳ። "የማየው ያንቺን ፊደል ነው። ተቀመጪ፣ አብረሽኝ እይ።"

አየሁ። አንድ ወር ከምናምን ፈጀ። ለአለቃዬ ነገሩን ነግሬ፣ ጠዋቱን በማታ ልተካ ተስማማን፤ ለአንድ ግድግዳ ብዬ በየቀኑ ጎባ ስመላለስ ሮቤ ሙሉ ሳቀብኝ። መጀመሪያ ሥራዬ አስጠላኝ፤ የሚያብለጨልጭ፣ የተዛባ፣ የቸኮለ። ሩፋኤል ግን ዝገቱን እንደሳለው በዚያው ጥንቃቄ፣ የኔን ቀለም የተንጠባጠበበትን ሳይቀር ሳለው። ቀስ በቀስ እኔም ማየት ለመድኩ። ቀይ ያልኩት ቀለም ጥላው ላይ ሲደርስ ቀይ እንዳልሆነ አየሁ። የአንዱ ፊደል ትከሻ ከሌላው እንደሚጎብጥ አየሁ።

አንድ ቀን የመጨረሻውን ፊደል እግር ሊጨርስ ሲል ብሩሹ አየር ላይ ቆመ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለ። "እዚህ መስመሩ ሳይጨርስ ብሩሹን ታነሺዋለሽ። ቀለሙ ይሳሳና ጫፉ ወደ ላይ ይሸሻል። በሁሉም ፊደል ላይ ነው። እጅ እንዲህ የሚያደርገው የሚጫን ጣት ሲያጣ ነው። ጣትሽን አሞሽ ያውቃል?"

እጄን ዘርግቼ አየሁት። አምስቱም ጣቴ ሙሉ ነው።

"እኔ አይደለሁም" አልኩት። "አባቴ ነው ሌባ ጣቱ የተቆረጠው። መጨረሻው ላይ መጫን ስለማይችል ያነሳዋል። ሲያስተምረኝም እጁ በእጄ ላይ ነበር። 'አሁን አንሺው' ይለኝ ነበር።"

ሩፋኤል ግድግዳውን አየ፣ እጄን አየ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ። ሦስት ሰዓት ተኩል እስኪሞላ ያቺን የሳሳች ጫፍ ብቻ ሲስል ቆየ። እኔም አጠገቡ ቆሜ፣ አባቴ በሌለ ጣቱ ብሩሹን ሲያነሳ በዓይኔ አየሁት።

በታኅሣሥ መጨረሻ ጨርሶ ሄደ። ሲሄድ ሐጂ ለክርኑ መጣፊያ የሚሆን ሱፍ ጨርቅ ሰጡት፤ "ያ ሹራብ ዓይኔን አስቸግሮት ነበር" አሉ። ጉድጓዶቹን ግን አልደፈኑም። ከብት ቢረግጣቸው እየተቆጡ ይጠርጓቸዋል።

ዛሬም ባነር አትማለሁ፤ እንጀራዬ ነው፣ አልዋሽም። በሳምንት ሁለት ቀን ግን መሰላሌን ተሸክሜ በእጄ እጽፋለሁ፤ ጎሮ ከተማ ድረስ የሚጠሩኝ አሉ። ባነር ለማዘዝ ሲመጡም "ከሥሩ ያለው የማን ጽሑፍ ነው?" ብዬ ሳልጠይቅ፣ ሄጄ ሳላይ አላትምም። አለቃዬ "አንቺ ደንበኛ ታባርሪያለሽ" ይለኛል፣ ልክ ነው።

እናንተስ? ክፉ አትበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የእናታችሁ ቤት በር ምን ዓይነት እጀታ አለው? አባታችሁ ስማቸውን ሲጽፉ የመጀመሪያውን ፊደል እንዴት ነው የሚጀምሩት? ካላወቃችሁ ዛሬውኑ ሂዱና እዩ። እኔ አይቼዋለሁ ብዬ ነበር። ቤቱን ለማሳመር ከመቸኮላችሁም በፊት መጀመሪያ ቁጭ በሉና እዩት።

ባለፈው ዓመት ሩፋኤል በስልኬ ፎቶ ላከልኝ። ሥዕሉ አንድ ትልቅ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሰዎች ከፊቱ ቆመው ነው። ለሐጂ ላሳያቸው ጎባ ወጣሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ክንዳቸው እስከሚደርስ አራቁት። ዝገቱን አዩ። "በሩን ያኔ ቀቢልኝ ብዬሽ ነበር" አሉ። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ደረሱ። ጣታቸውን ወደ ፊደሎቹ እግር አስጠጉ።

"ያ ሰውዬ ሸውዶናል" አሉ ድምፃቸው ተለውጦ። "የድሮውን ነው የሳለው። ያንቺ አይደለም ይሄ፣ አውቀዋለሁ። ኩን ሀርከ ታደሳቲ። የታደሰ እጅ ነው።"

ሩፋኤል ስለ ጣቱ ያለኝን ለሐጂ ነግሬያቸው አላውቅም። "ኧረ የኔ ነው ሐጂ" ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት።

"አዎ ሐጂ" አልኳቸው። "የሱ እጅ ነው።"